ራም ጨምሬ ኮምፒውተሬ መጮህ ጀመረ፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ቤት አላት። ኮምፒውተሯ ኤችፒ ኮምፓክ ፕሮ 6300 ነው፤ ኮር አይ5፣ ራሙ (የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 4 ጊጋ። ፎቶሾፕና ወርድ አብረው ሲከፈቱ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራት 8 ጊጋ ራም ገዝታ አስጨመረች። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ደህና ይነሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ አምስት ጊዜ ይጮህና የፓወር መብራቱ ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑም ጨለማ ይሆናል። ሲነሳላትም ፎቶሾፕ ላይ እያለች ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አዲሱ ራም ሲወጣ ሰላም ነው። አንዱ ባለሙያ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" አላት። ሌላው "ፎርማት ይደረግ" አላት። ሻጩ ደግሞ "ሠርቶ አይተሽ ነው የወሰድሽው" ብሎ አልመልስም አለ። "የማንን ልስማ?" ነው የምትለው።

እህቴ፣ ሁለታችንም የድሬ ልጆች ነንና አንቱታውን ትተን "አንቺ" እያልኩ ልቀጥል። ለጊዜው ማንንም አትስሚ፤ ገንዘብም አታውጪ። የጻፍሽው ውስጥ መልሱ በግማሽ አለ።

በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን የዋናውን ቦርድ ነገር እንጨርሰው። ቦርዱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ አሮጌው ራም ብቻውን ሲሆንም ሰላም አይሰጥሽም ነበር። አንቺ ግን "አዲሱ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል" ብለሻል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ቦርድ ምኑ ነው የተቃጠለው? ቢበዛ አንዱ የራም ስሎት፣ ማለትም ራሙ የሚሰካበት ቦታ፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እሱንም ቢሆን ሳይሞክሩ መናገር አይቻልም። የአንቺ ማሽን ደግሞ አራት ስሎት አለው፤ አንዱ ቢሞት ሦስቱ ይቀሩሻል። ቦርድ ይቀየር ያለሽ ሰው ራሙን ስሎት እየቀያየረ ሞክሮ እንደሆነ ጠይቂው። ካልሞከረ ግምቱን ነው የሸጠልሽ።

አምስቱ ጩኸት ራሱ ቋንቋ ነው። በዚህ የኤችፒ ትውልድ አምስት ጊዜ መጮህና ቀዩ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ ማለቱ "ራሙን ማንበብ አልቻልኩም" ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ አላለም፤ ዊንዶውስም አላለም። ለዚህ ነው ፎርማት ይደረግ ያለሽን ሰው ጭራሽ እንዳትሰሚ የምልሽ። ጩኸቱ የሚሰማው ዊንዶውስ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው፤ ፎርማቱ ምኑን ያስተካክለዋል? ከዚህ የባሰው ደግሞ በሚያጠራጥር ራም ላይ ዊንዶውስ መጫን ነው። የሚጫነው ፋይል ሁሉ ወደ ዲስክ የሚሄደው በራሙ በኩል አልፎ ነው። ራሙ አንዷን ቢት ካጣመመ ፋይሉ ተጣሞ ይቀመጣል። ከዚያ ራሙ ከወጣ በኋላም ብሉ ስክሪኑ አይለቅሽም፤ ያኔ እውነትም ማዘርቦርዱ ነው ያስብላል።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ አዲሱ ራም ውስጡ እያለ የሰው ሥራ አትሥሪበት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የውል ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ የመሳሰለውን ማለቴ ነው። ከፍተሽ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር የተበላሸ ቅጂ ልታስቀምጪ ትችያለሽ፤ ደንበኛው ተመልሶ እስኪመጣም አታውቂም። አውጪው፣ በአሮጌው 4 ጊጋ እየተንቀራፈፍሽ ሥሪ፣ ሙከራውን ሱቁ ሲዘጋ እናደርገዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ፍንጭ ልምጣ። "አንዳንዴ ይነሳል" ያልሽው ቃል ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ራም ጨምሮ ኮምፒውተር እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ዓይነቱ አለመግጠሙ ነው። ዓይነቱ ያልገጠመ ራም ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ጨርሶ አይነሳም። ዛሬ እምቢ ብሎ ነገ እሺ አይልም።

ለምሳሌ ያንቺ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር 3 ነው፣ ባለ 240 እግር። ዲዲአር 4 ባለ 288 ነው፤ መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳም ቦታዋ ስለሚለይ ስሎቱ ውስጥ አይገባም። በጉልበት ካልሆነ ማለቴ ነው፤ በጉልበት ያስገባም አይጠፋም። ሌላው የሰርቨር፣ ማለትም የትልልቅ ድርጅት ኮምፒውተር፣ ራም ነው። ገበያ ውስጥ በርካሽ ከሚዞሩት ባለ 8 ጊጋዎች አንዳንዶቹ ከተፈቱ ሰርቨሮች የወጡ ናቸው። መልካቸው ቁርጥ የዴስክቶፕ ራም ነው፤ ስሎቱም ውስጥ ይገባሉ፤ ያንቺ ኤችፒ ግን በፍጹም አይቀበላቸውም። የሚለዩት በስቲከሩ ነው። ስቲከሩ ላይ ፒሲ3-12800 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ በላቲን ፊደል ዩ ካለ የዴስክቶፕ ነው። አር ካለ የሰርቨር ነው። ኤስ ካለ የላፕቶፕ ነው፤ እሱማ ቁመቱ አጭር ስለሆነ በዓይንም ይለያል። ስቲከሩ ከተላጠ ቺፖቹን ቁጠሪ። በአንድ ገጽ 8 ቺፕ ከሆነ ደህና፤ 9 ወይም የ9 ብዜት ከሆነ፣ መሐሉ ላይም ለየት ያለች ቺፕ ካለች፣ የሰርቨር ነው፤ ተይው።

ከዚህ ሁሉ የከፋ ተንኮለኛ ራም ደግሞ አለ። "ለኤኤምዲ ብቻ" ተብሎ የሚሠራ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 ነው። ኤኤምዲና ኢንቴል ሲፒዩ (የኮምፒውተሩን አንጎል) የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ያንቺ ኮር አይ5 የኢንቴል ነው። የዚህ ራም ቺፖች አሠራር በአራት ቢት ስለሆነ የኢንቴል ማሽን አያነበውም። የኤችፒም መመሪያ ለዚህ ሞዴል ባለ 8ና ባለ 16 ቢት ቺፕ ብቻ እንደሚሠራ፣ ባለ 4 እንደማይሠራ በግልጽ ይላል። ችግሩ ባለ 4ቱም ትክክለኛውም 16 ቺፕ ስለሚኖራቸው በዓይን አይለዩም። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ኢንቴል ማሽን ይዞ የሚሄድ ሰው ስለዚህ "ኢንቴል ላይ ሞክርልኝ" ማለት አለበት።

ያንቺ ግን አንዳንዴም ቢሆን ይነሳል፤ ተነስቶም ፎቶሾፕ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይነቱ ልክ ነው። የሚቀረን ሦስት ነገር ነው፤ ወይ ራሙና ስሎቱ በደንብ አልተገናኙም፣ ወይ አዲሱ ራም ውስጥ የታመመ ቺፕ አለ፣ ወይ ሁለቱ ራሞች ለየብቻቸው ደህና ሆነው አብረው አልተስማሙም። ዕድሉም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በተለይ እዚህ ድሬ የመጀመሪያውን ሳላጣራ ወደ ሌላው አልሄድም።

ለምን ብትይ አቧራው ነው። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሚመጣውን ደቃቅ አሸዋ ታውቂዋለሽ። ሱቁ በሩ ክፍት፣ ኮምፒውተሩ መሬት ላይ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ። ፋኑ ያንን አቧራ ዓመት ሙሉ እየሳበ ባዶዎቹን ስሎቶች ሞልቷቸዋል። ባለሙያው መጥቶ ያን አቧራ የሞላው ስሎት ውስጥ አዲሱን ራም ጫን ያደርገዋል። ወርቃማዎቹ መስመሮች ከስሎቱ እግሮች ጋር ሲገናኙ መሐላቸው አሸዋ አለ። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ይገናኛሉ፣ ሙቀቱ ሲያይል ብረቱ ትንሽ ይለጠጥና ይለያያሉ። "አንዳንዴ" የሚባለው ጠባይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

እንግዲህ ሥራውን እንጀምር። ኮምፒውተሩን አጥፊና ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ንቀይ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የኤችፒ መመሪያም ይህን ያስጠነቅቃል፤ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ማሽኑ ጠፍቶም ራሞቹ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ሳይነቅል ራም ሲመዝ ታያለሽ። ደህናው ራም የሚሞተው እንዲህ ነው። ከነቀልሽ በኋላ የፓወር ቁልፉን ትንሽ ተጭነሽ ያዢ፤ ውስጥ የቀረው ይለቅ። ከዚያ የኬዙን ባዶ ብረት በእጅሽ ንኪ።

ሁለቱንም ራም አውጪ። ጫፍና ጫፉን ያዢ፤ ወርቃማውን መስመር በጣትሽ አትንኪ፤ ላብና ቅባት ይተዋል። ነጭ፣ ለስላሳ የተማሪ ላጲስ ውሰጂና መስመሮቹን ቀስ ብለሽ በሁለቱም ገጽ ጥረጊ። መጫን የለም፤ ጥቁር ነገር እስኪለቅ ብቻ። ፍርፋሪውን በንጹሕ ብሩሽ አራግፊ። አልኮል ካለሽ በጥጥ ነክተሽ ማጥራት ትችያለሽ፤ የፋርማሲው አልኮል ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ መታገሥ ነው። ሳኒታይዘር ግን አደራ! ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ይለጠፍበታል። ሽቶም ያው ነው፤ በሽቶ የሚያጸዱ አይቻለሁና ነው።

ስሎቶቹን ደግሞ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ወይም ባልተነካ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊ፤ የአየር መንፊያ ካገኘሽ የበለጠ ነው። በአፍሽ እፍ አትበዪ፤ ምራቅ ይገባል። አራቱንም አጽጂ፤ ባዶዎቹንም ጭምር።

ስትመልሺ አሮጌውን 4 ጊጋ ብቻ አስገቢ፤ አዲሱ ይቆይ። አገባቡን ልብ በዪ። የራሙ አንዱ ጫፍ "ቀጭ" ብሎ ገብቶ ሌላው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት የገባ ይመስላል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ያሉት መያዣዎች ራሳቸው ተነስተው ቀዳዳዋ ውስጥ መግባት አለባቸው። በጣትሽ እየገፋሽ የምትዘጊያቸው ከሆነ ራሙ ገና አልገባም ማለት ነው። ይህ ብቻ ሆኖ የተፈታ ስንት ጉዳይ አለ መሰለሽ።

አሮጌው በቦታው ሠራ እንበል። አጥፊ፣ ንቀይ፣ ያንኑ አሮጌውን አዲሱ ተቀምጦበት የነበረው ስሎት ውስጥ ብቻውን አስገቢው። ይህች ሙከራ ናት ማዘርቦርድሽን የምትፈርደው። ከሠራ ስሎቱ ደህና ነው፤ የማዘርቦርዱ ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ካልሠራና አምስቱን ጩኸት ከጮኸ፣ ስሎቱን ወይም ከሱ ጀርባ ያለውን መስመር እንጠረጥራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ራሙን የጨመረልሽ ሰው "ጄሉን ልቀይርልሽ" ብሎ (ሲፒዩውና ማቀዝቀዣው መሐል የሚቀባውን ማለቴ ነው) ፋኑን ፈትቶ፣ ሲፒዩውን አንስቶ ነበር? በኮር አይ ማሽኖች ራሙን የሚያዘው ክፍል ያለው ሲፒዩው ውስጥ ነው። ሲፒዩው የሚቀመጥበት ሶኬት ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ እግሮች አሉት። አንዷ ከተጣመመች ሌላው ሁሉ እየሠራ ሁለት ስሎት ብቻ ሊሞት ይችላል። ፋኑ በአንድ በኩል በጣም ከጠበቀም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ስሎቱ ካልሠራና ሲፒዩው ተነክቶ ከነበረ መጀመሪያ እዚያ ይታይ። ቦርድ መቀየር የመጨረሻው ነው።

ስሎቱ ደህና ከሆነ ተራው የአዲሱ ራም ነው። አሮጌውን አውጪና 8 ጊጋውን ብቻውን፣ አሮጌው ሲሠራበት በነበረው ስሎት አስገቢው። ኤችፒ ይህን ሞዴል ሲሠራ ጥቁሮቹ ስሎቶች ከነጮቹ በፊት እንዲሞሉ ነው ያሰበው፤ ስለዚህ በጥቁር ጀምሪ። ስታበሪው ቁጥር 164 ያለበት የሜሞሪ መጠን መልእክት ቢመጣ አትደንግጪ። "የራሙ መጠን ተቀይሯል" ነው የሚልሽ፤ ኤፍ1ን ተጫኚና እለፊው። ይህ መልእክት በየቀኑ ከመጣ፣ ቀንና ሰዓቱም እየጠፋ ከሆነ ግን ማሽኑ ጠፍቶም ቀኑንና ሴቲንጉን የሚያስታውስበት የሲሞስ ባትሪው አልቋል። ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት፤ ዋጋዋ ከባድ አይደለም፣ ቀይሪያት።

ከተነሳልሽ ወዲያው ፎቶሾፕ አትክፈቺ። ሜምቴስት 86 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ ማሽኑ ከፍላሹ ይነሳል፣ ዊንዶውስ አያስፈልገውም። እሱን የሚጭንልሽ ካጣሽ ዊንዶውስ ውስጥ ስታርት ላይ "ሜሞሪ" ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣው ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ አለ። ቀለል ያለ ነው፤ ከምንም ይሻላል። ሜምቴስቱ አንድ ዙር ለመጨረስ ብቻ ከሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሰዓት አለን፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁን ስትዘጊ አስጀምረሽው ሂጂ። የቀኑ ሙቀትም ያኔ ነው የሚበረታው፤ ለፈተና ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር አልፎ ስምንት ሰዓት ላይ የሚወድቅ ራም አለና። መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው መድገም ነው፤ ምን ይደረግ።

ስትመለሺ ቀይ መስመር ካየሽ፣ አንድም ትሁን መቶ፣ ራሙ ታሟል። "አንድ ስህተት ምን አላት" የሚልሽን አትስሚው። የራም ተቀባይነት ያለው ስህተት ዜሮ ነው። ላጲስም ሆነ ፎርማት አያድነውም።

ሁለቱም ለየብቻቸው ንጹሕ ሆነው አልፈው አብረው ሲገቡ ብቻ ከጮኹስ? ይህ ሦስተኛው ነው። 4ና 8 ጊጋ መቀላቀሉ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ማሽኑ ይቀበለዋል። አንዱ 1333 ሌላው 1600 ቢሆንም እንደ ጥማድ በሬ ነው፤ ፈጣኑ በዘገምተኛው እርምጃ ይሄዳል እንጂ አይጣሉም። የሚጣሉት በጥቃቅን የጊዜ ልኬቶች ነው፤ የተለያየ ፋብሪካ ራሞች አልፎ አልፎ አይስማሙም። ያኔ ገመዱን ነቅለሽ ቦርዱ ላይ ያለችውን የሲሞስ ቁልፍ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ወደ መጀመሪያው መልሺው፤ ስሎት ቀይሪ፤ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ አሳድሺው። እምቢ ካለ 4 ጊጋውን ሽጪውና በ8 ጊጋው ብቻ ሥሪ። ለፎቶሾፕና ለወርድ 8 ጊጋ ብቻውን ከምታስቢው በላይ ይበቃሻል። እኔ ብሆን ጣጣ ውስጥ ሳልገባ ይህንኑ ነበር የማደርገው።

"ፓወር ሳፕላዩ አልቻለም" የሚሉሽም ይኖራሉ። ራም የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፤ ሳፕላይሽን የሚጥለው እሱ አይደለም።

ሁሉ ተስተካክሎ 12 ጊጋው ከገባ በኋላ ዊንዶውስ "12 ጊጋ፣ የሚሠራው 3 ነጥብ ምናምን" ካለሽ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው። ሃርድዌሩ ጥፋት የለበትም። ከ4 ጊጋ በላይ ለመጠቀም 64 ቢት መጫን አለበት። ፎርማት የሚለው ሰው እውነት የሚሆንለት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሻጩ ነገር። ገንዘቤን መልስ ካልሽው ይጨቃጨቅሻል፤ "ቀይርልኝ" በዪው፤ ይህ ይቀለዋል። የሜምቴስቱን ቀይ መስመር በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አሳዪው። ራሙን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ኬዙን ራሱን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ውሰጂው። ሞኒተርና ኪቦርድ እሱ ጋ አለ። የሚቀይርልሽን ራም እዚያው አስገብቶ ደጋግሞ ያስነሳልሽ፤ "ሠርቶ አይተሻል" የሚለው ያኔ ነው እውነት የሚሆነው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፍላሽሽ ላይ ይኑር። ኤስፒዲ የሚለው ገጽ ራሙ ስለራሱ የሚናገረውን ያሳይሻል፤ ስቲከሩ ሌላ፣ ራሙ ሌላ ካሉ አትውሰጂው። ስቲከር ማተም እንደሆነ ያንቺው ሱቅም ይችላል።

ላፕቶፕ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ። አዳዲሶቹ የዲዲአር 3 ላፕቶፖች 1.35 ቮልት የሚጠቀመውን፣ ስቲከሩ ላይ ፒሲ3ኤል የሚለውን ነው የሚፈልጉት። የ1.5 ቮልቱን ስታስገቡበት ጨለማ ስክሪን ነው። የኤል ዓይነቱ ግን በአሮጌው ማሽንም ይሠራል፤ የተጠራጠረ ሰው እሱን ይግዛ።

እህቴ፣ አሮጌው ራም በአዲሱ ስሎት ሠራ ወይስ ጮኸ፣ አዲሱስ ብቻውን ምን አለ፣ ሲፒዩው ተነክቶ ነበር ወይ፤ እነዚህን ሦስቱን ጻፊልኝ። የሁለቱንም ራም ስቲከር ጥርት አድርገሽ ፎቶ አንስተሽ ጨምሪበት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚገዛ፣ ወይም ምንም መግዛት እንደማያስፈልግ፣ ቁርጡን እነግርሻለሁ።